ጀበና በኮሌጅ ኪልን፦ የአንድ ሴሚስተር የሥራ ማስታወሻ

ኦገስት መጨረሻ፦ ምዝገባ፣ ዕቃ፣ ወጪ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሴራሚክስ አንድ የሚባል የሸክላ ሥራ ኮርስ ተመዝግቤያለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ማታ፣ ከሥራ ስወጣ። የሴሚስተሩ መጀመሪያ ዕቃ መሥራት ነው፦ ኩባያ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ክዳን ያለው ነገር። ከዚያ ቅርጻ ቅርጽ ይመጣል። የማጠቃለያ ፕሮጀክቱን ግን ተማሪው ነው የሚመርጠው። የኔ ተወስኗል፦ እሳት ላይ ተጥዶ ቡና የሚያፈላ ጀበና። የመደርደሪያ ጌጥ አልፈልግም።

ክፍያው እንደ አድራሻህ ነው። የካውንቲው ነዋሪ ዝቅ ያለውን ይከፍላል፤ ከሌላ ካውንቲ የመጣ ይጨምራል፤ ከስቴት ውጭ ከሆንክማ አይነሳ። ለኔ ከነፊው (ተጨማሪ ክፍያው)፣ ከነላብ (የስቱዲዮ) ክፍያው 600 ዶላር ገደማ መጣ። ሜሪላንድ ውስጥ 60 ዓመት የሞላው ነዋሪ፣ ክፍሉ ውስጥ ቦታ ካለ ቱሽን (የትምህርት ክፍያ) አይከፍልም፤ ፊውን ብቻ ነው። ስለዚህ አብረውኝ ከሚማሩት ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ከነሱ አንዷ ጎንደር ያደጉ እናት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «አንተ ልጅ» ይሉኛል።

የመሣሪያ ኪት 20 ዶላር፦ መቁረጫ ሽቦ፣ ስፖንጅ፣ የእንጨትና የብረት መላጊያ፣ መርፌ፣ ቀለበት አፍ ያለው መፋቂያ። የብረት መላጊያው ቶሎ ይዝጋል። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ በመቀስ ክብ አድርጎ መቁረጥ ይሻላል፤ በነፃ ነው፣ ጭቃውንም አይቧጭርም። ባልዲ፣ ሽርጥና አሮጌ ፎጣ ከቤት። ስቶንዌር የሚባለው ጭቃ ባለ 25 ፓውንዱ ከረጢት (11 ኪሎ ገደማ) 28 ዶላር። በኪልን (በሸክላ መተኮሻ ምድጃ) መተኮሻው በላብ ክፍያው ውስጥ ተካቷል።

የስቱዲዮው የመጀመሪያ ሕግ ገርሞኛል፤ መጥረጊያ ክልክል ነው። የደረቀ ሸክላ ብናኝ ሲሊካ አለበት። ለዓመታት ከተነፈሱት ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ሲሊኮሲስ ይባላል። ስለዚህ ወለሉም ጠረጴዛውም የሚጸዳው በውሃ ብቻ ነው። የደረቀ ዕቃን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም ውጭ፣ በማስክ።

ሴፕቴምበር መጀመሪያ፦ ዊል

ጭቃው መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይታሻል። አየሩ እንዲወጣና እርጥበቱ እኩል እንዲሆን ነው። ከዚያ ዊሉ (የሚዞረው የሸክላ መሥሪያ ሰሌዳ) ላይ ጥፍት ተደርጎ መሐል ይያዛል። ሁሉም ነገር መሐል መያዙ ላይ ነው። ጭቃው ትንሽ ወደ ጎን ካፈነገጠ ግድግዳው ሲወጣ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ስስ ይሆናል፤ ከዚያ ይንገዳገድና ይወድቃል። ክንድን ጭን ላይ አስደግፎ መያዝ ዋናው ዘዴ ነው። ጉልበት አይደለም፣ አለመነቃነቅ ነው።

አስተማሪያችን የሠራነውን ሲሊንደር ሁሉ በሽቦ ለሁለት እንድንሰነጥቅ ያዘናል። ያናድዳል፤ ግን የግድግዳውን ውፍረት በዓይንህ የምታየው እንደዚያ ነው። የኔ ታች አካባቢ ከ1 ሴንቲ በላይ ነው፣ ላይ 3 ሚሊ። ክብደቱ ሁሉ መቀመጫው ላይ ቀርቷል። ቀጥሎ የሞከርኩት፦ መሐሉን ከከፈትኩ በኋላ ግድግዳውን ወደ ላይ ከመሳቤ በፊት፣ የታችኛውን ጥግ በጣት ጫን እያልኩ ጭቃውን ከዚያ ማስነሳት። ይሄ ሠራ። ወለሉንም በመላጊያ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል፤ ካልተጫነ ሲደርቅ መሐሉ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ንቃቃት ይወጣል።

እማማ ዊል ላይ አልተቀመጡም። «እሱ ሲዞር እኔም አብሬ እዞራለሁ» ብለው ጠረጴዛ ይዘው በእጃቸው እየጠቀለሉ ይሠራሉ። እውነትም አገር ቤት ሸክላ የሚሠራው ያለ ዊል ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ቢሉ፣ አዲስ አበባ ቀጨኔ ቢሉ፣ ሥራው በእጅ ነው፤ ሠሪዎቹም በብዛት ሴቶች ናቸው። እማማ ሸክላ ሊማሩ እንደሆነ ለእህታቸው በስልክ ሲነግሯቸው «ምን ነካሽ! በስተርጅና?» ተብለዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። እዚህ ለዚያው ሙያ ወረፋ ይዘን እንመዘገባለን።

ሴፕቴምበር መጨረሻ፦ ልኬትና የመጀመሪያው ጀበና

ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ከአንዱ ጀበና በ25 ዶላር ገዛሁ፣ ለናሙና። ቁመቱ 24 ሴንቲ፣ ሆዱ ላይ ስፋቱ 14። በአፉ ሽቦ አስገብቼ ስዳስሰው ውስጡ ሸካራ ነው። አንገቱ ላይ ግድግዳው 7 ሚሊ ገደማ። ማስታወሻዬ ላይ «ከባድ፣ ማሻሻል ይቻላል» ብዬ ጽፌያለሁ።

ጭቃ ይሸበሸባል። ስንት እንደሚሸበሸብ ለማወቅ ትንሽ ጠፍጣፋ ዘንግ ሠርቼ 10 ሴንቲ ምልክት አደረግሁበት። ሲደርቅ 9.4 ሆነ፤ በኮሌጁ ከፍተኛ ሙቀት ከተተኮሰ በኋላ 8.8። 12 በመቶ ማለት ነው። እንግዲህ 24 ሴንቲ የሚሆን ጀበና ከፈለግሁ፣ እርጥቡን 27 ሴንቲ ከምናምን አድርጌ መሥራት አለብኝ (24 ሲካፈል ለ0.88)።

ጀበናን በአንድ ጊዜ ዊል ላይ ማውጣት ለጀማሪ አይሞከርም። አንገቱ ረጅምና ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባም። ለያይቼ ሠራሁት። ሆዱን አፉ ወደ ውስጥ እንደታጠፈ ጎድጓዳ ሳህን። አንገቱን ብቻውን እንደ ጠባብ ሲሊንደር። ጡቱን ከአንድ ትልቅ ጭቃ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ሾጣጣ። ጆሮውን ደግሞ ጭቃ በእርጥብ እጅ ወደ ታች እየሳብኩ። ሁሉም ሌዘር ሃርድ እስኪሆን ጠበቅሁ፤ ማለትም ቅርጹን የሚይዝ ግን በጥፍር የሚጫር። ከዚያ መገጣጠሚያውን በመርፌ ጫጭሮ፣ በቀጭን ጭቃ ቀብቶ ማጣበቅ። ቀጭኑ ጭቃ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ይረዳል።

በማግሥቱ ሳየው አንገቱና ሆዱ የተገናኙበት ዙሪያውን ነቅቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንገቱ ስስ ስለሆነ ቀድሞ ደረቀ፣ ሆዱ ገና እርጥብ ነበር። አንዱ መሸብሸቡን ሲጨርስ ሌላው እየጀመረ፣ መሐላቸው ተቀደደ።

መፍትሔ፦ የእርጥበት ሳጥን። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን (8 ዶላር)፣ ከሥሩ ጀሶ አፍስሶ ማድረቅ፣ ጀሶው ላይ ውሃ ማጠጣት። ክዳኑን ሲዘጉት ውስጡ ያሉት ክፍሎች ሁሉ ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት እርጥበት ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ የገጣጠምኩት አልነቃም። ገዝተህ ሳይሆን ሠርተህ የምታገኘው ምርጥ መሣሪያ ይሄ ነው።

የጡቱ ቦታ አስቦ የሚሠራ ነው። ጫፉ ከቡናው ከፍታ በታች ከሆነ፣ ገና ሳትቀዳው ይፈሳል። በውሃ ቀለም ሆዱ ላይ መስመር አሰመርኩ፣ «ቡና እዚህ ድረስ» ብዬ። ጡቱ ከመስመሩ በላይ እንዲጨርስ አድርጌ ቀጠልኩት።

ኦክቶበር መጀመሪያ፦ ኪልን

ሁለት ጊዜ ይተኮሳል። መጀመሪያ ቢስክ፦ ኮን 04፣ 1060 ዲግሪ ገደማ። ጭቃው ከእንግዲህ በውሃ አይሟሟም፤ ግን ቀዳዳማ ስለሆነ ግሌዝ፣ ማለትም ሲተኮስ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የሚሸፍነውን ቅብ፣ ይመጥጣል። ከዚያ ግሌዝ ተነክሮ ኮን 6፣ ወደ 1220 ዲግሪ።

ኮን የሚባለው ከሸክላና ከማቅለጫ ማዕድን የተሠራች ትንሽ ሾጣጣ ናት። ሙቀትና ጊዜ ሲበቃት ትጎብጣለች። እዚህ አገር የሚሠራበት ቁጥር የኦርተን ነው፤ ድርጅቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1896 ኦሃዮ ውስጥ ነው። ቁጥሩ ግራ ያጋባል። ከፊቱ ዜሮ ካለው፣ ቁጥሩ ሲያድግ ሙቀቱ ይወርዳል፤ 010 ከ04 ይቀዘቅዛል። ዜሮ ከሌለው ተቃራኒው ነው፤ 10 ከ6 ይሞቃል። አንድ የክፍላችን ልጅ በኮን 06 የሚበስል ግሌዝ ገዝቶ ኮን 6 አስተኮሰው። ግሌዙ እንደ ውሃ ቀልጦ መደርደሪያው ላይ ወረደ። መደርደሪያውን ለመፋቅ መሮና መዶሻ አስፈልጓል።

የኔ ጀበና ከውጭ ጥቁር፣ ከውስጥ ግልጽ ግሌዝ ተቀብቶ ወጣ። መቀመጫው ግሌዝ እንዳይነካው ሰም ቀብቼው ነበር። ያምራል፤ ፎቶ ለዘመድ አዝማድ ተልኳል። እማማ አንስተው በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት። አገር ቤት ገበያ ላይ ሸክላ ሲገዛ ንቃት እንደሌለው የሚታወቀው እየመቱ ድምፁን በመስማት ነው። ጆሯቸውን አስጠጉና «ድምፁ የጀበና አይደለም፣ የብርጭቆ ነው» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

ቤት ወስጄ ቡቴን ምድጃ ላይ ጣድኩት (በጋዝ ጣሳ የሚሠራ ነው፤ ምድጃው 30 ዶላር፤ የአፓርታማው ምድጃ ኤሌክትሪክ ስለሆነ)። ከሥሩ እሳት ማከፋፈያ ብረት አለ፤ እሳቱም ዝቅ ያለ። ውሃው መንጫጫት ሳይጀምር ቀጭ አለ። ከመቀመጫው እስከ ሆዱ ነቃ፣ ውሃው ወርዶ እሳቱን አጠፋው።

አስተማሪያችን አልተገረመም። ኮን 6 የተተኮሰ ስቶንዌር ኦቭን ውስጥ ቀስ ብሎ አብሮ ከሞቀ ይችላል። ከሥር ብቻ እሳት ሲነካው ግን ታቹ ይለጠጣል፣ ላዩ ቀዝቃዛ ስለሆነ እምቢ ይላል። እሳት የሚችል ጭቃ አለ፤ ስፖዱሜን ወይም ፔታላይት የሚባሉ ሊቲየም ያለባቸው ማዕድናት ይገቡበታል፣ ሲሞቅ ብዙም አይለጠጥም። ኮሌጁ አያስገባም፤ ውድ ነው፣ አተኳኮሱም ትንሽ ከተሳሳተ ጥቅም የለውም።

ኦክቶበር አጋማሽ፦ ጭንቅላት

ጀበናው ይቆይ፤ የቅርጻ ቅርጹ የቤት ሥራ መጥቷል። የሰው ጭንቅላት፣ ከእውነተኛው ትንሽ ያነሰ። ጭቃው ሌላ ነው፤ ግሮግ፣ ማለትም ተተኩሶ የተፈጨ ሸክላ፣ የተደባለቀበት። ሻካራ ነው፣ እጅ ይልጣል፣ ግን ሲደርቅ ብዙም አይሸበሸብም። ከረጢቱ 32 ዶላር።

እንጨት ላይ የቆመ የብረት ቱቦ፣ ቱቦው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ እንቁላል መሳይ ነገር፣ ከዚያ ላይ ጭቃ። ሞዴሌ ራሴ ነኝ፣ በመስታወት። ሁሉም ሰው ዓይንን ወደ ላይ አውጥቶ ይሠራል፤ ግንባር ያለ አይመስለንም። በመለኪያ ሲለካ ዓይን ያለው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መሐል ላይ ነው። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር። እነዚህን ካስተካከልኩ በኋላ ሰው መምሰል ጀመረ። እኔን ግን አይመስልም፤ እማማ «አጎትህን ነው እንዴ?» አሉ።

ጭቃው ሲጠነክር አናቱ በሽቦ እንደ ክዳን ይቆረጣል፣ ጋዜጣው ይወጣል፣ ውስጡ ይፋቃል፣ ግድግዳው 2 ሴንቲ አካባቢ እስኪቀር። አናቱ ተመልሶ ይጣበቃል። ከዚያ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ለሳምንታት ይደርቃል። መቸኮል የለም።

የቸኮለ ነበር። ከክፍል ጓደኞቼ የአንዱ ጭንቅላት አንገቱ ውስጥ ወፍራም ጭቃ ቀርቶበት፣ እሱም ሳይደርቅ ቢስክ ገባ። ኪልን ውስጥ ፈነዳ። ገሉ እንደ ጥይት ተበታትኖ አጠገቡ የነበረውን ሁለተኛ ጀበናዬን አንገቱን ቀነጠሰው።

ስቱዲዮው ውስጥ ሁሉም «አየር ቋጥሮ ነው» ይላል። አየር አይደለም። ውሃ ነው። 100 ዲግሪ ሲደርስ ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው 1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። አየር የቋጠረ ግን በደንብ የደረቀ ዕቃ በሰላም ይተኮሳል። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮው ትልልቅ ቅርጾች የገቡበትን ኪልን ሌሊቱን ሙሉ 90 ዲግሪ ላይ አቆይቶ ነው ወደ ላይ የሚነዳው። መድረቁን ለማወቅ ዕቃውን ጉንጭ ላይ ማስነካት ነው፤ ከቀዘቀዘ ገና ውሃ አለው። 573 ዲግሪም ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ እዚያ ጋ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ድንገት መጠኑን ይለውጣል።

ኖቬምበር መጀመሪያ፦ ራኩ

ነገሩ የተገለጠልኝ በዚህ ቀን ነው። ራኩ ከጃፓን የመጣ አተኳኮስ ነው። እዚህ አገር በሚሠራበት መልኩ ትንሽ የጋዝ ኪልን ውጭ ይተከላል፣ ዕቃው 1000 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደቀላ በረጅም መቆንጠጫ ይወጣል፣ ሰጋቱራ ያለበት የብረት በርሜል ውስጥ ይገባና ይከደናል። ጢሱ ዓይን ያጠፋል። ያልተቀባው ቦታ ይጠቁራል፣ ግሌዙ ይሰነጣጠቃል።

ከ1000 ዲግሪ ወደ ኖቬምበር ብርድ! እናም አንዱም ዕቃ ለሁለት አልተከፈለም። የኔ ጀበና ከቡቴን ምድጃ ዝቅተኛ እሳት አልተረፈም። ልዩነቱ ምንድነው?

የራኩው ጭቃ ግሮግ አለበት፣ የተተኮሰውም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ቀዳዳማ ነው፣ ልል ነው። ንቃት ሲነሳ ቀዳዳ ወይም ጠጠር ጋ ይደርስና ጉልበቱ ያልቃል። ኮን 6 ላይ ግን ጭቃው ውስጥ ያለው ማዕድን ቀልጦ ቀዳዳውን ሞልቶታል። ለመታጠብ፣ ለመጋጨት የሚችለው እሱ ነው። ንቃት ከጀመረ ግን የሚያቆመው ነገር የለም፣ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

ይሄን በሚዛን አየሁት። ገሉን በደረቁ መዝኖ፣ ውሃ ውስጥ ቀቅሎ፣ ላዩን ጠርጎ እንደገና መመዘን። የጨመረው ክብደት የመጠጠው ውሃ ነው። የተሰነጠቀው ጀበናዬ 2 በመቶ። ያው ጭቃ ቢስክ ብቻ ሲሆን 13 በመቶ። ከሱቅ የገዛሁትን ጀበና መስበር ስላልፈለግሁ ደረቁን መዝኜ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ወደ 15 በመቶ።

«ማሻሻል ይቻላል» ያልኩት ጀበና እሳት የሚችለው እኔ ልቀንስ በፈለግሁት ነገር ነው። ውፍረቱ ሙቀቱን ያከፋፍላል፣ ሸካራው ጠጠር ንቃቱን ያቆማል፣ በዝቅተኛ እሳት መተኮሱ ቀዳዳውን ያቆያል። ኮሌጅ የሚያስተምረው ሸክላ፣ ስስ፣ ድምፁ ቅጭል የሚል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለጠረጴዛ ነው። ጀበና ጠረጴዛ ላይ አይውልም።

ለእማማ ይሄን ሁሉ ሳስረዳ በትዕግሥት ሰሙኝና «ታዲያ እኔ ድምፁ ብርጭቆ ነው አላልኩህም?» አሉ።

ኖቬምበር፦ አዲስ ጭቃ፣ በእጅ

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያሉ ነባር ሕዝቦች፣ የታኦስና የፒኩሪስ ፑዌብሎዎች፣ የሂካሪያ አፓቼዎች፣ ማይካ ባለበት ጭቃ ድስት ይሠራሉ። ባቄላ የሚቀቀልበት፣ በቀጥታ እሳት ላይ የሚጣድ። ማይካው በዓይን የሚታይ አብረቅራቂ ቅጠል ነው። ግሌዝ የለውም። ከዚያው ስቴት 25 ፓውንድ አዘዝኩ፦ 30 ዶላር። ማጓጓዣው 38። ጭቃ በፖስታ ማስላክ ሀብታም መሆን ይጠይቃል።

ዊሉን ተውኩት። የዚህ ጭቃ ጠጠር መዳፍ ይልጣል፣ በደንብም አይሳብም። እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጭቃው እንደ ገመድ ይጠቀለላል፣ ይደረደራል፣ በአውራ ጣት ወደ ታች ይደፈናል። ግድግዳው 7 ሚሊ። እሳቸው ከሆዱ ወደ አንገቱ ሲሄዱ ቶሎ አያጠብቡም። ትንሽ ሠርተው ይተዉታል፣ ሲጠነክር ይቀጥላሉ። እኔ በአንድ ማታ ልጨርስ ስል ትከሻው ወደ ውስጥ ሰጠመ። «አንተ ልጅ፣ ይረፍበት እንጂ!» አሉ። ቀጥሎ እንደሳቸው በየመሐሉ አሳረፍኩት፤ ቆመ።

አስተማሪያችን በእጅ ስለሚሠራ ሸክላ ሲያሳየን ኬንያ የተወለደችውን የማግዳሊን ኦዱንዶን ሥራዎች አቀረበ። በእጅ የተሠሩ፣ ያለ ግሌዝ የተወለወሉ፣ በጢስ የሚጠቁሩ። ናይጄሪያ ሄዳ ከነላዲ ክዋሊ ጋር ሠርታለች፤ ላዲ ክዋሊ ማለት በናይጄሪያ 20 ናይራ ኖት ላይ ምስሏ ያለ ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላ ሠሪ በብር ኖት ላይ! እማማ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

መወልወል፦ ሊደርቅ ሲል በማንኪያ ጀርባ ወይም በለስላሳ ጠጠር ዙሪያውን ማሸት። ጭቃው ይጠጋጋል፣ ያበራል። ጠጠር ከማንኪያ ይሻላል፤ ማንኪያው ግራጫ ጭረት ይተዋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ጆሮ ላይ ፖድካስት ቢደረግ ጥሩ።

መተኮሱ ችግር ሆነ። እኔ የምፈልገው ኮን 010 አካባቢ ነው፣ 900 ዲግሪ ገደማ። የክፍሉ ቢስክ ግን ሁሌም 04 ነው። ለአንድ ጀበና ኪልን አይነሳም። ውጭ ክፍት እሳት ላይ መተኮስ ደግሞ እዚህ ሰፈር የእሳት አደጋ መኪና መጥራት ነው። መላው፦ የሚወለወል ሥራ ያላቸውን ተማሪዎች መሰብሰብ። 04 ላይ ሲተኮስ ማብረቅረቁ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ እነሱም ዝቅ ያለ ሙቀት ይፈልጋሉ። ትንሿን ኪልን ሞላን፣ ቴክኒሻኑም እሺ አለ።

አንዱን ጀበና ከቢስክ በኋላ በርሜል ውስጥ በሰጋቱራና በጋዜጣ አጨስኩት። ጠቆረ፣ አማረ። ሌላውን እንዳለ ተውኩት።

ዲሴምበር፦ ማሟሸት

መጀመሪያ ውሃ ሞልቼ ትሪ ላይ አስቀመጥኩ። ላበ። ሆዱ ዙሪያውን እርጥብ ሆነ፣ ጠዋት ትሪው ላይ ውሃ ነበር። የሚጠበቅ ነው፣ ቀዳዳማ ነውና። ጀበና ካልሟሸ አይሠራም።

ያደረግሁት፦ የሩዝ ውሃ ወፈር አድርጎ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ማፍላት፣ እዚያው ማቀዝቀዝ፣ መድፋት። ጃፓኖች ዶናቤ የሚሉትን የሸክላ ድስት የሚያሟሹት በሩዝ ገንፎ ነው፤ ስታርቹ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል። ከዚያ እማማ ባሉኝ መሠረት የቡና አተላ እየጨመሩ ደጋግሞ ማፍላት። መላቡ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም፤ ይመጥጠውና ለቀጣዩ ቡና ይመልሰዋል።

የተጨሰው ጀበና ቡናውን የጢስ ጣዕም ሰጠው። አንዳንዱ ይወደው ይሆናል፤ እኔ አልወደድኩትም። ደጋግሜ አፈላሁበት፣ ጣዕሙ ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። ያልተጨሰው ንጹሕ ነው።

እሳቱ ላይ ሁለቱም ቻሉ። በዝቅተኛ እሳት እየጀመርኩ ቀስ ብዬ ነው የምጨምረው። ገንፍሎ በአንገቱ ሲወጣ አውርዶ ማቶት ላይ ማስቀመጥ፣ አተላው እስኪዘቅጥ መጠበቅ። አንዴ ትኩሱን ጀበና እርጥብ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ጠ ጠ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ መቀመጫው ላይ ፀጉር የመሰለ ንቃት አለ፣ ግን አያፈስም። አልተስፋፋም።

የቀረ ችግር አለ፤ ጡቱ ያንጠባጥባል። ቀድቶ ቀና ሲያደርጉት ጠብታው በሆዱ ላይ ይወርዳል። የሱቁን ጀበና ሳስተያይ ከንፈሩ ስል ነው፣ ትንሽም ወደ ታች ጎንበስ ይላል። የኔ ድፍን ክብ ነው። ስለት ያለው ጠርዝ ጠብታውን ይቆርጠዋል፣ ክብ ጠርዝ ግን ይዞት ይዞራል።

ሂሳብ፦ ምዝገባ 600፣ መሣሪያ 20፣ ስቶንዌር ሁለት ከረጢት 56፣ የቅርጻ ቅርጽ ጭቃ 32፣ የማይካው ጭቃ ከነማጓጓዣው 68፣ ሳጥኑ 8፣ ምድጃው 30፣ የናሙና ጀበና 25። ድምር 839 ዶላር። የቡቴኑን ጣሳ አልቆጠርኩም። ባለቤቴ የናሙናውን ዋጋ ብቻ አንብባ ዝም አለች።

ጭንቅላቱ ሳይፈነዳ ወጥቷል፤ ግሌዝ አላደርግበትም፣ በብረት ኦክሳይድ ቀብቼ እጠርገዋለሁ። ለጃንዋሪ ሴራሚክስ ሁለት ተመዝግቤያለሁ። ከማይካው ጭቃ ግማሽ ከረጢት ያህል ተርፎኛል፤ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ አለ። በሱ የምሠራው ጀበና ጡቱ ከንፈሩ ሌዘር ሃርድ ሲሆን በካርድ ይሳላል፣ ጫፉ በ5 ሚሊ ወደ ታች ይጎብጣል፣ መቀመጫውም ሰፋ ይላል፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ መሞከር እፈልጋለሁ።